ሮቦቱና ሦስቱ ሽማግሌዎች

አባቴን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ጠልቼዋለሁ። እንዲህ በግልጽ መናገሬ የሚከብደው ሰው ካለ ትንሽ ይታገሰኝ፤ ነገሩ ሲያልቅ የማፍረው እኔ እንጂ እሱ አለመሆኑን ያያል። ደግሞ ያለ ምክንያት አልጠላሁትም። በዓይኔ ያየሁት፣ በጆሮዬ የሰማሁት ምክንያት ነበረኝ። መከራው እዚያ ላይ ነው። ምንም ባላይና ባልሰማ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ስምንት ነው። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አባቴ ሷሊሕ አራዳ ገበያ ላይ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ የመተኮሻ ጠረጴዛና አንድ ወንበር ከያዘ በኋላ ለሰው የሚተርፍ ቦታ የለውም። እኔ ያደግሁት እዚያ ጠረጴዛ ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጬ ነው። አባቴ ዝምተኛ ነው። ዝምተኛን ሰው ደግሞ ልጅ በፈለገችው ነገር ትሞላዋለች፤ እኔ በቁጣ ሞላሁት።

በዚያ ዓመት ለትምህርት ቤታችን አንድ ካርቶን የሮቦት ዕቃ መጣ። ትናንሽ ጎማ፣ ሞተር፣ ሽቦ፣ መዳፍ የምታክል አረንጓዴ ሰሌዳ። የፊዚክስ መምህራችን አስማረ ክበብ አቋቋመ። የአምባ ጊዮርጊስ ገበሬ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ የወደደውን ሁሉ «ሸጋ» የሚል ሰው። ዘጠኝ ወንዶች ተመዘገቡ። እኔ አልተመዘገብኩም፤ ከትምህርት በኋላ ግን በየቀኑ የቤተ ሙከራው መስኮት ሥር እየቆምኩ አያለሁ። ሮቦቱ ነጭ ሰሌዳ ላይ የተሳለውን ጥቁር መስመር በሆዱ ሥር ባለችው ዓይኑ እያየ መከተል ነበረበት። እሱ ግን ሁለት ክንድ ሳይሄድ ወደ ግራ ይጎትትና ከጠረጴዛው ላይ ይወድቃል። ልጆቹ ኮምፒውተሩን ከበው ሁለት ሳምንት ሙሉ ተጨቃጨቁ።

እኔ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ ምላሴን ነክሼ ቆየሁ። ሞተሩ ጎማውን የሚያዞረው በቀጭን የላስቲክ ቀበቶ ነው፤ የግራው ቀበቶ ላልቷል። የአባቴም መኪና ቀበቶው ሲላላ መንኮራኩሩ ዘግይቶ ነው የሚዞረው፤ ስፌቱ ይንሻፈፋል። ይህን ለማወቅ ኮምፒውተር አያስፈልግም። በመጨረሻ አላስችል አለኝና አንገቴን በመስኮቱ አስገብቼ ተናገርኩ። መምህር አስማረ ቀና ብሎ አየኝ።

«ምነው እስካሁን መስኮት ላይ ትቆሚያለሽ? በር አለ እኮ» አለኝ።

በበሩ ገባሁ። ቀበቶውን ፈትቼ፣ አሳጥሬ፣ ጫፍና ጫፉን ሰፍቼ መለስኩት። ሮቦቱ ቀጥ ብሎ ሄደ። ክበቡን የተቀላቀልኩት በዚህ ዓይነት ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ የአባቴን ትንሿን መፍቻና የዘይት ጣሳውን ከመሳቢያ እየወሰድኩ፣ ሳያውቅብኝ እመልሳለሁ። ማንም አልከለከለኝም፤ ግን ማንንም አልጠየቅሁም።

ሚያዝያ ላይ ደብዳቤ መጣ። ባሕር ዳር ላይ የክልል ውድድር አለ። ዓርብ ሄዶ እሑድ መመለስ ነው፤ ሁለት ሌሊት ውጪ ማደር። ወላጅ ካልፈረመ መሄድ የለም። የሮቦቱን ቀበቶና የመንኮራኩሩን ጥርስ ማስተካከል የእኔ ሥራ ስለሆነ እኔ ካልሄድኩ ቡድኑ እንደሚቸገር ሁሉም ያውቃል። ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ አራት ቀን ዞርኩ። አባቴን መጠየቅ አቃተኝ። መምህር አስማረ ፊቴን አይቶ ነገሩ ገባው። በእነሱ አገር ትልቅ ጉዳይ በአንድ ሰው አፍ አይጠየቅም አለኝ፤ ሁለት ሰዎች ጨምሮ፣ ሦስት ሆነው እሑድ ጧት ቤታችን መጥተው አባቴን ሊለምኑልኝ ቃል ገባ።

እሑድ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። እናቴ ሐዲጃ ማን እንደመጣ አየችና ፊቷ ተለዋወጠ፤ ክንዴን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባችኝና ትንፍሽ እንዳልል አስጠነቀቀችኝ።  የጓዳችን መጋረጃ መሬት አይደርስም። ከሥሩ ሦስት ጥንድ ጫማና ሦስት ዱላ ይታየኛል። አንዱ ጫማ ዳር ዳሩን ጭቃ ይዟል፤ የአምባ ጊዮርጊስ ጭቃ ነው አልኩ፤ የመምህሬ። 

አባቴ እንዲቀመጡ ጋበዛቸው። ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም አሉ። ደስ አለኝ። ሽማግሌ ሲለምን እሺ እስኪባል እንደሚቆም አውቃለሁ፤ መምህር አስማረ ነገሩን በወጉ ያዘው ብዬ መረቅሁት። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ጆሮዬን አቁሜ የያዝኩት ጥቂት ነው፤ ፈህሚያ ተብሎ ስሜ ተጠራ፣ «ጨዋ ልጅ» ተባለ፣ «ኃላፊነቱ የእኛ» ተባለ።  ቀጥሎ የአባቴ ድምፅ መጣ።

«አክብራችሁ መጣችሁ፤ አከብራችኋለሁ። ልጄ ግን ገና ተማሪ ናት፤ ከቤቴ አትወጣም።»

ሌላም ቃል ጀምሮ ነበር። እኔ አልጠበቅሁም፤ በጓሮ በር ወጥቼ ከአጥሩ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። ሦስቱ ሰዎች ሳይቀመጡ፣ ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ሲወጡ የዱላቸውን ድምፅ ሰማሁ። ያን ቀን አባቴ ምሳ አልበላም። በእኔ ተናዶ ነው አልኩ፤ ይናደድ አልኩ።

ሰኞና ማክሰኞ መምህር አስማረ ትምህርት ቤት አልመጣም። እናቱ ታማ ነው ተባለ። አላመንኩም፤ አፍሮ ነው እንጂ። ረቡዕ ወረቀቱ የሚሰበሰብበት የመጨረሻ ቀን ነበር። አባቴ የሚፈርመው በዐረብኛ ፊደል ነው፤ የስሙን መጨረሻ እንደ መቀስ እጀታ ጠምዘዝ ያደርገዋል። ማክሰኞ ከሰዓት ቁርኣን ቤት የተማርኩትን ፊደል ለቅጥፈት አዋልኩት፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ሦስቴ ቁራጭ ወረቀት ላይ ሞከርኩ፤ አራተኛውን ደብዳቤው ላይ አሳረፍኩት። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ዛሬ የሚያስደነግጠኝ እሱ ነው።

ረቡዕ መምህር አስማረ መጣ። ወረቀቱን ተቀብሎ ፊርማውን አየውና ፊቱ በራ። አባትሽ ሸጋ ሰው ናቸው አለ፤ እኔም ከመንገድ ተገላገልኩ አለ። ዓይኑን ፈልጌ አየሁት፤ ፊርማው የእኔ መሆኑን አውቆ እየሸፈነልኝ መሰለኝ። ምን ያለ ልበ ሙሉ ሰው ነው አልኩ። ሰውየው ግን ቃል በቃል እውነቱን ነበር የነገረኝ። እሑድ ዕለት አምባ ጊዮርጊስ እናቱ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። የእሑዱ ስለቀረበት ወደ ቤታችን ሊመጣ ያሰበው በዚያው ሳምንት ነበር፤ አባቴ ፈረመ ሲባል ተወው።

ዓርብ ጧት ደብተሬን ይዤ እንደ ሌላው ቀን ከቤት ወጣሁ። ለእናቴ ሰላም ብዬ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ወጣሁ። ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ሻሽና ዳቦ አለ። መኪናው አዘዞን ሲያልፍ ልጆቹ እየዘፈኑ ነበርና አብሬ አጨበጨብኩ።

ቅዳሜ ጧት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። መስኮቶቹ ረጃጅም ናቸው፤ ፀሐዩ ነጩ ሰሌዳ ላይ ወርዶ ያንጸባርቃል። ሮቦታችን መስመሩን ጀመረና ብርሃኑ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ዓይኑ ታወረ። ሁለተኛ ሙከራ ሊፈቀድልን አሥር ደቂቃ ሰጡን። ልጆቹ ወደ ኮምፒውተሩ ሮጡ። እኔ የቦርሳዬን ጥቁር ገበር ቀደድኩ፤ መርፌ ከሻሼ ላይ ነቅዬ፣ ለሮቦቱ ዓይን ዙሪያዋን የምትጋርድ ትንሽ ጉርድ ሰፋሁላት። ዳኞቹ ሳቁ። ሮቦቱ ግን ጉርዱን እየጎተተ ብርሃኑን አልፎ፣ አንድም መስመር ሳይስት ጨረሰ። ለከሰዓቱ የፍጻሜ ዙር አለፍን።

ልጆቹ እየዘለሉ ሳለ የመምህር አስማረ ስልክ ጮኸ። አነሣው። ፊቱ እየጠቆረ ሲሄድ አየሁ። ጥግ ወስዶ አባቴ ፈርሞ እንደሆነና እንዳልሆነ ጠየቀኝ። አልፈረመም አልኩ። እሱ ራሱ እሑድ ሁለት ሽማግሌ ይዞ መጥቶ እምቢ ተብሎ የለም ወይ አልኩት።

«እኔ መቼ ቤታችሁ መጣሁ?» አለኝ።

ፈሪ አልኩ በልቤ። ነገር ሲመጣ ካደኝ። እሱ ስልኩን ሰጠኝ፤ በዚያኛው ጫፍ አባቴ ነበር።

«ደህና ነሽ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩ።

«ማንም አልነካሽም?»

«ማንም።»

ሲተነፍስ ይሰማኛል። ሩቅ መንገድ የሮጠ ሰው ትንፋሽ ነበር።

«እንግዲያው ጨርሰሽ ነይ» አለና ዘጋው።

ጨርሰሽ ነይ። ይህን እንደ ዛቻ ሰማሁት፤ ነይና ታገኚያታለሽ እንደማለት። ሁለተኛ ወጣን። ሜዳሊያ አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ፤ እኔ ግን የማስበው አባቴ ቀበቶውን የት እንደሚሰቅል ነበር። በሕይወቱ አንድ ቀን እንኳ መትቶኝ አያውቅም፤ ቢሆንም አሰብኩ።

አሁን እውነቱን ልናገር። ያኔ ግን አንዱንም አላውቅም ነበር። ሦስቱ ሽማግሌዎች የተላኩት ከሐጂ ዐብዱልከሪም ቤት ነው። ሐጂ አባቴ ጨርቅ የሚወስድባቸው ትልቅ ነጋዴ ናቸው። ለሁለተኛው ልጃቸው ለኡዘይር እኔን ሊያጩ ነበር የላኩት፤ ኒካሑ ኋላ ይሁን፣ ለጊዜው ቃል ይታሰር ብለው። አባቴ እምቢ አለ። እናቴንም ለልጅቷ እንዳትነግሪ፣ ልቧ ይከፈላል፣ ሥራ ይዛለች ብሎ አፏን አስያዛት። በአምስተኛው ቀን ዓርብ እኔ ጠፋሁ። በእኛ አገር እሑድ አልሰጥም የተባለች ልጅ ዓርብ ስትጠፋ ሮቦት ትዝ የሚለው ሰው የለም። ተጠለፈች ነው። አባቴ ጓደኞቼን ቤት ለቤት ሲፈልግ ውሎ፣ ፀሐይ ሳትገባ የሐጂ ሱቅ ደረሰ። ያ ዝምተኛ ሰው በአራዳ ሕዝብ ፊት የሰባ ዓመት ሽማግሌ ኮሌታ አንቆ ልጄን አውጣ አለ። የሐጂ ጥምጥም መሬት ወደቀ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ አግኝቶ ነው የመምህር አስማረን ስልክ ቁጥር የወሰደው።

እሑድ መናኸሪያ ስንደርስ ቆሞ ነበር። የኮቱ እጅጌ ከትከሻው ተቀዷል፤ ልብስ ሰፊ ሆኖ ለምን እንዳልሰፋው ገረመኝ፤ አልጠየቅሁትም። ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። ቦርሳዬን ተቀበለኝና ቀድሞኝ ሄደ። ቤት ስንደርስ እናቴ አቅፋኝ ስታለቅስ እሱ ወደ ሱቁ ወጣ። አልመታኝም፤ አልተቆጣኝም። ዝምታውን ከዱላ ቆጠርኩት።

ሽማግሌዎች በዚያ ሳምንት ወዲያና ወዲህ ተመላለሱ። ሁልጊዜ ከቤታችን ውጪ ነው የሚነጋገሩት፤ እኔ ስመጣ ወሬው ይቆማል። ስለ እኔ መሆኑ አልጠፋኝም። ሁለት ሌሊት ውጪ ያደረች ልጅ ላይ ይፈርዳሉ ብዬ ጠበቅሁ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ከትምህርት ቤት ለምሳ ስመለስ አራዳ ላይ ሰው ተሰብስቧል። በሰው መሐል ገብቼ አየሁ። አባቴ ኮፍያ የለውም። ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ በሁለት እጁ ደግፎ፣ ጎንበስ ብሎ ይሄዳል፤ ግራና ቀኙን ሽማግሌዎች ናቸው። የበደለ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ የሚሄደው አካሄድ ነው። በድንጋዩ ሻካራ ጠርዝ አንገቱ ቀልቷል። አጠገቤ የቆመች ሴትዮ ከንፈሯን መጠጠችና ምስኪን፣ በልጁ የተነሣ ነው አለች። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም። ሴት ልጁን ሮቦት ይዛ እንድትዞር ስለለቀቀ አገር ፈርዶበት፣ እሱም ፍርዱን ተቀብሎ ጎንበስ አለ ብዬ ደመደምኩ። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ዓይኔን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ካፈርኩበት ይልቅ ናቅሁት።

አመሻሹ ላይ ሱቁ ሄድኩ። መኪናውን እየረገጠ ነበር፤ አንገቱን ማዞር አቅቶት ከነትከሻው ዞረ። በልቤ የቋጠርኩትን ሁሉ ዘረገፍኩት።

«ሮቦት መሥራት ሌብነት ነው? ሰው ገደልኩ? እኔ ጥፋት የለብኝም ብለህ እንደመቆም ድንጋይ ተሸከምክ። እንደ አንተ ያለ አባት ከሚኖረኝ ባይኖረኝ ይሻለኝ ነበር።»

እግሩ መርገጫው ላይ ቆመ። 

«ሰኞ ክበብ አለሽ?» አለኝ።

«አለኝ።»

«እንግዲያው ሂጂ።»

ፌዝ መሰለኝ። እልህ ይዞኝ ሰኞ ሄድኩ፤ ከዚያ በኋላም አንድ ቀን አልቀረሁም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስደርስ የክበቡ ሰብሳቢ እኔ ነበርኩ። ከአባቴ ጋር ግን ከሰላምታ፣ ከአዎና ከአይ በቀር ቃል አልተለዋወጥንም። እሱ ሁለት ሦስቴ ሞከረ፤ አንድ ጊዜ ስለ ሞተር ጠየቀኝ። በአንድ ቃል መልሼ ዘጋሁት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት ለእኔ የተባለ ነው።

ጥቅምት ሁለት ሺህ አሥራ አንድ ላይ የዩኒቨርሲቲ ምደባዬ ወጣ፤ ኤሌክትሪካል ምሕንድስና። ልሄድ ሦስት ቀን ሲቀረኝ እናቴ ለቀሚስ የሚሆን ጨርቅ ምረጪ ብላ ሐጂ ዐብዱልከሪም ሱቅ ላከችኝ። ሆን ብላ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። ከባንኮኒው ጀርባ የቆመው ኡዘይር ነበር። ለእኔ ጨርቅ ሻጭ ነው፤ ሌላ ምንነቱን አላውቅም። አግብቶ አንድ ልጅ ወልዷል፤ ልጁ ጣቃዎቹ መሐል ይድሃል። እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ። ጨርቁን እየለካ ሳለ ዓይኑን ሳያነሣ ይቅርታ ጠየቀኝ።

ለምኑ አልኩት። አለማወቄን ሲያይ ክንዱ ላይ ያለውን ጨርቅ አስቀመጠ። ከላይ የነገርኳችሁን ሁሉ፣ ሽማግሌዎቹን፣ ኮሌታውን፣ ጥምጥሙን፣ ያን ቀን ነው ከእሱ አፍ የሰማሁት። እኔ ሮጬ ከወጣሁ በኋላ አባቴ ምን ብሎ እንደጨረሰም ነገረኝ። ልጄ ሮቦት ይዛለች፣ ሥራዋን ሳትጨርስ ማንም አያቋርጣትም ብሎ ኖሯል። ሽማግሌዎቹ ይህን ሲያወሩ እነ ኡዘይር ቤት ተስቆ ነበር። አባቴ ስለ ሮቦቱ ያውቅ ነበር፤ መፍቻው ከመሳቢያ መጥፋቱና መመለሱም አላመለጠውም ማለት ነው። ወረቀቱን ብሰጠው ይፈርምልኝ ነበር። ባንኮኒውን ይዤ ቆምኩ።

«ድንጋዩስ?» አልኩት። «ድንጋዩን ለምን ተሸከመ?»

«አልነገሩሽም ማለት ነው» አለ። «እኔ እዚያው ነበርኩ። ሽማግሌዎቹ ለአባትሽ ሁለት መንገድ ሰጧቸው። ልጅህን ለኡዘይር ቃል እሰር፤ ዝምድና ነውሩን ያጥበዋል፤ ማንም ድንጋይ አይሸከምም አሏቸው። ያ ካልሆነ ግን የሐጂ ጥምጥም በአደባባይ እንደወደቀ፣ አንተም በአደባባይ ድንጋይ ትሸከማለህ አሏቸው። ሂድና ከቤተሰብህ ምከር፣ እስከ ዓርብ ጊዜ አለህ ተባሉ። አባትሽ ግን ከመቀመጫቸው ተነሡና ድንጋዩ የታለ አሉ።»

ልጁን ከጣቃዎቹ መሐል አንሥቶ አቀፈው።

«አንጀቴን በሉኝ» አለ። «ዓርብ ዕለት ከግቢያችን ትንሿን ድንጋይ መርጬ አባትሽ ሱቅ ደጃፍ ላይ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። አባትሽ መጥተው አዩዋት። በእግራቸው ገፋ አደረጓትና፣ ይቺ ለፈህሚያ ታንሳለች ብለው ትልቁን ከግንቡ ሥር አነሡ።»

ጨርቁን ትቼ ወጣሁ። ከሐጂ ሱቅ እስከ አባቴ ሱቅ ያለው መንገድ ሩብ ሰዓት አይሞላም፤ ያን ዓርብ እሱ ጎንበስ ብሎ የሄደበት መንገድ ነው። እያለቀስኩ ሄድኩ፤ ሰው ያየኛል፤ ይየኝ።

ሱቁ ውስጥ ሱሪ ያሳጥራል፤ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ ወርዷል። ከኋላው ገብቼ፣ ምንም ሳልናገር፣ ማጅራቱን ሳምኩት። ደነገጠ። ሊዞር ብሎ ተወው። እንደገና ሳምኩት። ምን እንደሰማሁ የገባው ይመስለኛል፤ ምንም አልጠየቀኝም። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ጎንበስ ብሎ፣ አንገቱን ሰጠኝ።